ብረቱ ያረጃል፤ ስሙ አያረጅም

ሰው ለጅማሬ የሚሰጠውን ክብር ለፍጻሜ አይሰጥም። ቤት ሲሠራ ይደግሳል፤ ቤቱ ሲፈርስ ግን ድንጋዩን ማን እንደ ወሰደው አይጠይቅም። ገንዘብ ሲበደር ዋስ ይጠራል፤ ከፍሎ ሲጨርስ ግን የብድሩን ሰነድ ተቀብሎ መቅደድን ይረሳል። መኪናም እንዲሁ ነው። መኪና የተገዛ ዕለት በግ ይታረዳል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ይጠጣል። አርጅቶ ሞተሩ አልነሣ ሲል ግን ተገፍቶ ከአጥር ሥር ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፣ ወረቀቱም የት እንደ ተቀመጠ የሚያስብ የለም።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለዚህ ስለ ተረሳው ፍጻሜ ነው። አንድ የወደቀ መኪና በሕግ ለመሸጥ ምን ወረቀት ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት የጽሕፈት ቤት ጣጣ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቀርበው ሲመረምሩት የሰው ስም፣ የሰው እምነት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ተቋጥሮበት ይገኛል።

የተወለድሁት በጉራጌ ዞን በእዣ ወረዳ፣ ከአገና ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። በዚያ መንደር አጎቴ አንዲት ፔጆ 404 ፒክአፕ ነበረቻቸው። መኪና ብርቅ፣ መንገዱም ጭቃ በነበረበት ዘመን ይህች ፔጆ የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አልነበረችም። ምጥ የጠናባት ሴት በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት የምትደርሰው በእርሷ ነበር። ቆጮው ወደ ገበያ የሚጫነው፣ ሙሽራዪቱም የምትሸኘው በእርሷ ነበር። የመስቀል በዓል ሲቃረብ አጎቴ ወልቂጤ ድረስ ወርደው ከአዲስ አበባ የመጣውን ዘመድ ሁሉ ጭነው ይመለሱ ነበር።

ዕድሜ ግን ለብረትም አይመለስም። ፔጆዋ ደክማ ከእንሰቱ ጥግ ቆመች፤ ዶሮዎች ከወንበሯ ሥር እንቁላል ጣሉባት፤ ሕፃናትም መሪዋን ይዘው በአፋቸው ሞተር እያሰሙ ነዷት። አጎቴም በተራቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ አክስቴ እያልሁ ያደግሁባቸው ሴት፣ የቤታቸው ቆርቆሮ ስላፈሰሰና ትንሿ ልጃቸው ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ስለ ቀራት ያችን አሮጌ መኪና ለመሸጥ ቆረጡ። ጉዳዩን እንድፈጽምላቸውም እኔን ጠሩኝ።

በመጀመሪያ የመጣው ገዢ ቁራሌው ነበር። «ቆርቆሮ ያለው!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ነጋዴዎች ጥሪያቸው በሕዝብ አፍ አጥሮ ቁራሌው መባላቸውን ታውቃላችሁ። ከእነዚህ ብርቱ ሠራተኞች ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ቁራሌው መኪናዋን ዞሮ አየ፤ በጣቱ ቆርቆሮዋን አንኳኳ፤ ዝገቱን ቀንሶ በኪሎ አሰበና ዋጋውን ተናገረ። ዋጋው ትንሽ ቢሆንም የታወቀ የብረት ዋጋ ነበር።

ሁለተኛው ገዢ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። መኪናዋን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

«እማማ፣ ሊብሬዋ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«አለ፤ ከሣጥን ውስጥ ነው» አሉት አክስቴ።

«እንግዲያው ብረቱን ለፈለጉት ይሽጡት። ለእኔ ሊብሬዋንና ታርጋዋን፣ የሻንሲ ቁጥሯ የተመታበትንም ቁራጭ ብረት ይስጡኝ። ቁራሌው ካለው አራት እጥፍ እከፍላለሁ።»

በቤቱ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ብረቱን ትቶ ወረቀቱን በአራት እጥፍ የሚገዛ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ይህን ለመረዳት ሊብሬ የሚባለውን ነገር ማወቅ ያሻል። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው። ታርጋና ቦሎ የምንላቸውም ቃላት ከዚያው ቋንቋ የወረስናቸው ናቸው። በሊብሬው ላይ የባለቤቱ ስም፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ይጻፋሉ። የሻንሲው ቁጥር በፋብሪካ በብረቱ ላይ ተመትቶ የወጣ ስለ ሆነ ለመኪናው እንደ ልደት ስም ነው። ብረቱ፣ ወረቀቱና በመንግሥት መዝገብ ያለው ፋይል አንድ ነገር ከተናገሩ መኪናው ሕጋዊ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከዋሸ ግን ነገር አለ።

እንግዲህ በአገራችን መኪና ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ስለዚህ የተሰረቀ መኪና ወይም ቀረጥ ሳይከፈልበት በስውር የገባ መኪና ያለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ እርሱም ስም ነው። የሞተ መኪና ወረቀት ሲያገኝ ያንን ስም ለሌባው መኪና ያለብሰዋል። የሻንሲውን ቁጥር ይፍቃል፤ የሞተውን ቁጥር ይበይድበታል። ከዚያ ወዲያ በእንሰት ጥግ የዛገችው ፔጆ በወረቀት ላይ ተነሥታ በአስፋልት ላይ ትሮጣለች።

ይህ ክፋት በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። አሜሪካኖች የመኪናን የባለቤትነት ወረቀት ታይትል ይሉታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 የመኪና ስርቆትን ለመከላከል ባወጡት ሕግ፣ የወደቁና የተቆራረጡ መኪናዎች ታይትል ለተሰረቀ መኪና መሸፈኛ እንዳይሆን በመላ አገሪቱ የሚታይ የመዝገብ ሥርዓት እንዲቋቋም አዘዙ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜውን የጨረሰ መኪና ለሚፈርስበት ድርጅት ሲሰጥ ባለቤቱ የማስወገጃ ምስክር ወረቀት እንዲቀበል፣ መኪናውም ከመዝገብ የሚሰረዘው በዚህ ወረቀት እንዲሆን ደነገገ። ለሰው የሞት ምስክር ወረቀት እንዳለ ሁሉ ለመኪናም አበጁለት ማለት ነው።

ወደ አክስቴ ቤት ልመለስ። የአክስቴ ታላቅ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግር ግን አፉን ከፈተለት።

«እማዬ፣ እኛ ምን ቸገረን? የምንሸጠው ወረቀት ነው። ለምን እንደሚፈልገው አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ቤቱ ይከደናል፤ እኅቴም ትማራለች።»

እኔም የማውቀውን ሕግ ነገርኋቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደ ሆነ ይናገራል። ሌላ ሰው፣ ያውም ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ከኀላፊነት አያድነውም። ባለቤቱ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ታዲያ ሊብሬውን በገዛ እጁ የሸጠ ሰው በምን አፉ ተሰረቅሁ ይላል? ያ ስም የለበሰ መኪና በአንድ ሌሊት አንድ ሕፃን ገጭቶ ቢያመልጥ፣ ፖሊስ በታርጋው ተከትሎ የሚመጣው ወደዚህ መንደር ነው።

አክስቴ ሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ የተናገሩት ከሕጉ መጽሐፍ ይልቅ ልቤን ነካው።

«ልጄ፣ ይህ ሰው የሚገዛው ወረቀት አይደለም። ወረቀት ከሱቅ በሳንቲም ይገዛ የለም ወይ? የሚገዛው ስም ነው። አባትህ በዚህች መኪና የታመመ ሲያደርስ ዋጋ አልጠየቀም። አሁን ሬሳው ካረፈ በኋላ ሌባ በእርሷ ስም ሲሮጥ ዝም ልበል? ቆርቆሮው ያፍስስ፤ ሰፌድ አስቀምጥበታለሁ።»

ሰውየውም ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

አሁን ደግሞ ቀናው መንገድ ተጀመረ። ቀናው መንገድ አጭር ነው ብዬ አላታልላችሁም። ሊብሬውን ከሣጥን አውጥተን ብንገልጠው በላዩ የተጻፈው የአጎቴ ስም አልነበረም። መኪናዋን የሸጡላቸው የአንድ አዲስ አበባ ነጋዴ ስም ነበር። ከሊብሬው ውስጥ ተጣጥፎ የተገኘ፣ ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት በእጅ የተጻፈ የሽያጭ ውልም ነበር። ስሙ ሳይዛወር ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል።

ወጣቶች ሆይ፤ አጎቴን ለመንቀፍ አትቸኩሉ። እርሳቸው ያደጉት ቃል በሚታመንበት አገር ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች የጆካ በሚባለው ሸንጎ ተሰብስበው በቂጫ፣ ማለት በባህላዊ ሕጋቸው፣ የደምንም የንብረትንም ነገር ሲፈርዱ ኖረዋል። በመንደራችን መካከል የሚያልፈው ሰፊ የሣር ጎዳና ጀፎረ ካርታ ሳይኖረው ወሰኑ ተጠብቆ ኖሯል። አንድ ሰው አጥሩን በአንድ ክንድ ቢገፋ ጎረቤቱ ሁሉ ያያልና። ወረቀት የማያስፈልገው ነገሩም ምስክሩም ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ ነው።

መኪና ግን ከምስክሩ ሸሽቶ የሚሄድ ንብረት ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና ወደ አዲስ አበባ ባመጣ ጊዜ፣ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ጠዋት አገና የነበረ መኪና ማታ ድሬዳዋ ያድራል። በዚያ የእኛን ሽማግሌዎች የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ምስክሩ አብሮት እንዲጓዝ ተደረገ፤ ያም ምስክር ሊብሬው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ስለ መኪና ባያስቡም ለመኪናም ይሠራል።

እኔም ነጋዴውን ፍለጋ አዲስ አበባ ሄድሁ። ነጋዴው ዐርፈዋል። ሴት ልጃቸውን አግኝቼ የመጣሁበትን ብነግራትና የታርጋውን ቁጥር ባሳያት ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይህች ፔጆ አለች?» አለችኝ። «አባታችን ሲሞቱ የመኪኖቻቸውን ዝርዝር ከመዝገብ ስናወጣ በስማቸው ተገኘች። ግቢ ውስጥ የለችም፤ ሽያጩንም የሚያውቅ አልነበረም። ትልቁ ወንድሜ ታናሹን ደብቀህ ሸጠሃታል አለው። ይኸውና ስድስት ዓመታቸው፤ በመስቀልም በፋሲካም አብረው አይበሉም።»

የምትለውን ሰምቼ ያንን በእጅ የተጻፈ ውል አውጥቼ ሰጠኋት። የአባቷን ፊርማ በጣቷ እየነካች ደጋግማ አነበበችው። በዚያው ሳምንት ሁለቱን ወንድማማቾች በአንድ ክፍል አስቀምጣ ወረቀቱን በፊታቸው ዘረጋችው። ታላቁ ተነሥቶ የታናሹን ጉልበት ሊስም ሲል ታናሹ ያዘው። አንድ ያልተዛወረ ስም አገና ላይ ሣር በቅሎበት ሳለ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወንድማማቾችን ሲያቆስል ኖሯል። ወረቀት የሚጠብቀው የመንግሥትን ጥቅም ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ የተፈጸመውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ አንድ ቀን ይጠቅማችኋልና። የነጋዴው ልጆችም፣ አክስቴና ልጆቻቸውም በየበኩላቸው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996 መሠረት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አወጡ። ቀጥሎ ከመኪናዋ ፋይል ላይ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ ተጠየቀ። በባንክ የተያዘ ወይም ፍርድ ቤት ያገደው መኪና አይዛወርምና። ያለፉት ዓመታት ሒሳብም ተጠየቀና ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ሕዝብ ውልና ማስረጃ በሚለው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሁለቱም ወገን ቀርበው ሽያጩን በሕግ ፊት አጸኑ። መኪናዋ በአክስቴና በልጆቻቸው ስም ሆነች። በመጨረሻም ከእንግዲህ በመንገድ የማትወጣ መሆኗን አመልክተን፣ ታርጋዋንና ሊብሬዋን መልሰን፣ ፋይሏ እንዲዘጋ አደረግን። ብረቷን ለቁራሌው የሸጥነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ማን እንደ ሸጠ፣ ማን እንደ ገዛ፣ የሻንሲውም ቁጥር ስንት እንደ ሆነ ጽፈን ተፈራረምን።

ይህ ሁሉ ወራት ፈጀ። የትራንስፖርቱ፣ የማመልከቻው፣ የፎቶ ኮፒው ወጪ ተደምሮ ከሽያጩ ገንዘብ ሲሶውን በላ። አክስቴ በቀረው ቆርቆሯቸውን ለወጡ እንጂ የልጅቱን ትምህርት አልሸፈነላቸውም፤ ያንን ዘመድ ተሰብስቦ አዋጣ። ቀናው መንገድ ሁልጊዜ ያተርፋል የሚል ሰው ካለ ነጋዴ አይደለም። ቀናው መንገድ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ በሩ በሌሊት ሲንኳኳ የማይደነግጥ ልብ ይሰጣል።

ፔጆዋን ቁራሌዎቹ ቆራርጠው በጭነት መኪና ወሰዷት። የሚጠቅመው ዕቃ ተፈትቶ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራና ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። በምናለሽ ተራ የቀጥቃጮቹ መዶሻ ካሮጌ ብረት ምድጃና ባልዲ ሲያወጣ ይውላል። የቀረው ቁርጥራጭ ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት ቀልጦ ለቤት መሥሪያ ፌሮ ይሆናል። ብረት እንዲህ ነው፤ ቀልጦ ሌላ ነገር ሆኖ ያገለግላል። ስም ግን አይቀልጥም። ካልተዘጋ ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ የፈለገውም ይገባበታል።

ስለዚህ ምክሬን በአጭሩ ልስጣችሁ። መኪና፣ ሞተር ብስክሌትም ቢሆን፣ ስትገዙ በወረቀቱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። የተፈቀፈቀ ወይም አዲስ ብየዳ ያለበት ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ተዉት፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። ስሙን ዛሬ ነገ ሳትሉ አዛውሩ። «ውክልና ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ፤ በመሠረቱ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራልና። ባለትዳር ሻጭ ሲመጣ የባለቤቱን ስምምነት ጠይቁ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይሻል፤ የክልል ሕጎችም የራሳቸው ድንጋጌ አላቸው። ስትሸጡም ገንዘቡን ቆጥራችሁ ወደ ቤት አትሩጡ፤ ስማችሁ ከፋይሉ መውጣቱን አይታችሁ ተመለሱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ይህን አስቡ። አንድ ሰው የጣላችሁትን ነገር ከዋጋው በላይ ልግዛችሁ ሲላችሁ የሚገዛው ያንን ነገር አይደለም። ወይ ዝምታችሁን ነው፤ ወይ ስማችሁን ነው። ዝምታና ስም ደግሞ አንዴ ከተሸጡ በየትኛውም ገበያ ተመልሰው አይገዙም።